ከቆርቆሮው በር ጀርባ የነበረው ድምፀ ሰላላ

ምን ጥልቅ አደረገኝ? ሰው በኔ ዕድሜ ጉልበቱን ፀሐይ እያሞቀ ይቀመጣል፤ እኔ የሰው ሰርግ ላይ በር ጠባቂ ሆኜ አረፍኩት። ያውም ፊደል ያልቆጠርኩ፣ ያውም ዘፈን በተጀመረ ቁጥር የምስት።

ኮልፌ ቤታችን ግድግዳ ለግድግዳ ነው። ከኔ ግድግዳ ወዲያ አንድ አናጢ አለ። ደልዳላ ሰውዬ ነው፣ ጢሙ ውስጥ ሰጋቱራ የማይጠፋ። ሲያወራ ድምፁ ከጋን ውስጥ የሚወጣ ነው የሚመስለው። ሲዘፍን ግን እንደ ክር ይቀጥናል፤ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይወጣል፣ አይበጠስም። ይሄን ዓይነቱን ሰው ድምፀ ሰላላ እንለዋለን። ሴትም ብትሆን ድምጿ ቀጭን ከሆነ ያው ድምፀ ሰላላ ናት፤ የሴቷን ግን ማን ልብ ይለዋል? ወንድ ሲሆን ነው ሰው አንገቱን የሚያዞረው። እናቴ ቃሉን ስትል አድንቃ ነበር። የሰፈር ጎረምሳ ሲለው እየሳቀ ነው። የልጅ ልጄ ደግሞ ስልኳን ጎርጉራ "አያቴ፣ ፋልሴቶ ነው የሚባለው" አለችኝ። እንደ ባኞና እንደ ቤርጎ ጣልያን ጥሎት የሄደ ዕቃ መሰለኝ።

አናጢው ወጣት ሳለ ጓደኛው ሰርግ ላይ ቢዘፍን "ቀሚስ አምጡለት!" አሉት። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ዘፍኖ አያውቅም። የሚዘፍነው የመጋዙ ማሽን ሲጮህ ብቻ ነው፤ ይሸፍንልኛል ብሎ። ከኔ ግድግዳ አይሸፍንም። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰማሁት፤ ሰማሁህ ብዬም አልነገርኩት።

ከፋሲካ በኋላ ጎረቤቴ የመጨረሻ ልጇን ዳረች። ይቺ ጎረቤቴ የሰፈሩ ዘፈን አውራጅ ናት፤ የሁላችንንም ልጆች ዘፍና የሸኘች። የራሷ ሲደርስ ሦስት ቀን ለድግሱ ስትጮህ ከርማ ድምጿ ተዘጋ። ሙሽራው ሊመጣ ነው፣ እሷ ብትናገር ትንፋሽ ብቻ። በር የሚይዙት ልጃገረዶች ይቀበላሉ እንጂ ማውረድ አይችሉም። ሙሽራው ደግሞ ዘፈን ሳይገጥመው ዝም ብሎ ከገባ፣ ቤቱ ልጅቷን አውጥቶ የጣላት ይመስላል።

"እኔ ሰው አለኝ" አልኳት። ጥልቅ!

አናጢው ጋ ሄድኩ።

"ና ልጄ፣ ዛሬ ታወርድልናለህ።"

"ምኑን?"

"አትሸውደኝ ባክህ፣ ሃያ ዓመት ሰምቼሃለሁ።"

ፊቱ ቲማቲም መሰለ። "እማማ፣ ይተዉኝ። የሰው መሳቂያ ሊያደርጉኝ ነው?"

"ማን ያይሃል? የቆርቆሮ በር ነው፣ ከጀርባው ትቆማለህ። ልከፍት ስል በሩን ሦስቴ አንኳኳለሁ፤ አንተ በጓሮ ውልቅ ትላለህ።"

"ሦስቴ?"

"ሦስቴ።"

"ሰው ካየኝ ግን ሁለተኛ አልዘፍንም። ከማሽኑም ጋር ቢሆን።"

እሺ አልኩ። እሺ ማለት ይቀናኛል።

መቀርቀሪያውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሰርገኞቹ ከዓለም ባንክ ሰፈር ክላክስ እያስጮሁ መጡ። አናጢው ዓይኑን ጨፈነና ጀመረ። ልጃገረዶቹ መቀበሉን ረስተው ዞረው አዩት፤ ከዚያ ነቁና ተቀበሉ። ጎረቤቴ የልጇን ቬሎ ጫፍ ይዛ አለቀሰች፣ ያለ ድምፅ። ውጭ ያሉት ሚዜዎች እንደ ወጉ እጃቸውን በበሩ አናት አሻግረው ሽቶ ይረጫሉ። አናጢው ጢሙ ራሰ።

"ይቺ የምታወርደው ማናት?" አለ አንደኛው ሚዜ ከውጭ። "ካላገባች እኔም ዛሬ ባዶ እጄን አልመለስም!"

ዝም ማለት ነበረብኝ።

"አላገባችም!" አልኩት። "ቁመናዋን ብታይ! ትከሻዋን ብታይ!"

"ይክፈቱልኝ እማማ! ይሄ ሽቶ በሙሉ የሷ ነው!"

ልጃገረዶቹ በሳቅ ፈረሱ። አናጢው ዓይኑን እንደጨፈነ ከድምፁ ጋር ወደ ላይ ሄዷል፤ እኛን አልሰማም። የሚዜውን ፊት ማየት አማረኝ። የአናጢውን ፊት አላሰብኩትም። ሳላንኳኳ መቀርቀሪያውን ሳብኩት።

ሚዜው የሽቶውን ጠርሙስ እንደዘረጋ ቀረ። ከኋላው ያሉት ስልካቸውን አነሱ። የአናጢው አፍ ገና ክፍት ነበር። አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ቀሚስ ያለ ሰው የለም፤ ማለቱም አላስፈለገም። አፉን ዘጋና ወደኔ ዞረ።

"እማማ፣ ሦስቴ ብለውኝ ነበር" አለኝ በዚያ ወፍራም ድምፁ። ከዚያ በጓሮ ወጣ።

ሰርጉ ደመቀ። ሰው በላ፣ እኔም በላሁ።

በሳምንቱ ጭኮ ይዤለት ሄድኩ። ዱካ አቀረበልኝ፣ ሰጋቱራውን በእጁ ጠረገልኝ፣ ጉልበቴን እንዴት እንዳደረገኝ ጠየቀኝ። ቂም አያውቅም።

"ዘፈኑስ?" አልኩት።

"ማሽኑ ይበቃል፣ እማማ።"

አሁን ከግድግዳው ወዲያ ማሽኑ ብቻ ነው የሚሰማው። እሱ ሲጠፋ ጆሮዬን እጥላለሁ፤ መዶሻ ነው።

የልጅ ልጄ፣ ያቺ ባለ ስልኳ፣ በጥር ታገባለች። ትናንት ጎረቤቴ ጋ ሄጄ አማከርኳት። ድምጿ ተመልሷል፣ ግን ሻክሯል፤ እንደ ድሮው ከፍ አይልላትም።

"ለኔዋ ልጅ ማን ሊያወርድልኝ ነው?" አልኳት።

ከምትልጠው ሽንኩርት ቀና እንኳ አላለች።

"ራስሽ አውርጂዋ" አለች። "ፍየል የታረደ መስሏቸው በሩ ሳይከፈት ይመለሳሉ።"