በጾም ቀን የታየ ማህፀን

አልትራሳውንድ ክፍል የገባሁት ቁይ ጤና ጣቢያ ስምንት ዓመት አዋላጅ ነርስ ሆኜ ከሠራሁ በኋላ ነው። ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ የእናቶች ክሊኒክ ሰው ይፈልግ ነበር። ወሬውን ያመጣልኝ እዚያው ካርድ ክፍል የሚሠራው ባለቤቴ ጌታሁን ነው። ሥልጠናውን ጨርሼ አንድ ሰኞ ጠዋት ነጭ ጋወን ለብሼ ቀረብኩ።

የክሊኒኩ ኃላፊ ዶክተር ታደለ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። የመጀመሪያዋን ሴት አስተኝቼ፣ ሆዷን ጄል ቀብቼ፣ የማሽኑን ማያ እጀታ፣ ፕሮቡን፣ እንዳሳረፍኩ መጥተው ከኋላዬ ቆሙ።

«ምን ታያለሽ?»

«ማህፀን።»

«የቱ ጋ?»

በጣቴ አሳየኋቸው። «እሱ አንጀት ነው» አሉ። ወደ ሴትዮዋ ዞረው «እናቴ፣ ውሃ ጠጥተዋል?» ሲሏቸው «ኧረ አልጠማኝም፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ዶክተር አስነሥተው አንድ ሊትር ውሃ አስጠጧቸውና ውጭ አስቀመጧቸው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሰው ሲተኙ ማህፀኑ ስክሪኑ መሃል ቁልጭ ብሎ ታየኝ።

ነገሩ ቀላል ነው። የሽንት ፊኛ ሲሞላ አንጀትን ገፍቶ ያነሣዋል፤ የማሽኑ ድምፅም በውሃው ውስጥ አልፎ ማህፀኑ ላይ ይደርሳል። ፊኛው ባዶ ከሆነ አንጀትና አየር ይጋርዱታል። የኛ ማሽን በሆድ በኩል ብቻ የሚያይ ስለነበር ሌላ መንገድ አልነበረንም።

ስለዚህ በሩ ላይ ሁለት ጀሪካን ውሃና የፕላስቲክ ኩባያዎች አይጠፉም ነበር። ሴቶቹ አግዳሚው ላይ ተደርድረው ይጠጣሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ይነዘንዙኛል። «ሲስተር፣ ከብት እንኳ ወንዝ ወርዶ እንዲህ አይጠጣም» ትላለች አንዷ። ሌላዋ «እኔን አስቀድሚኝ፣ ካለዚያ አግዳሚሽን አጥቢያለሽ» ትላለች። በተራ የሚጣሉት ማን ቀድማ መጣች በሚል አልነበረም፤ ማን ሽንቷ ብሶባታል በሚል ነበር።

ጾም ሲገባ አግዳሚው ዝም ይላል። የአልትራሳውንድ ክፍሉ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ነበር የሚሠራው። ከሰዓት በኋላ እኔ ማዋለጃ ክፍል ነኝ። ጾመኛ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አይቀምስም። ሁለቱ ሰዓቶች አይገናኙም። ጾመኛን ሴት ውሃ ጠጪ ማለት ይከብደኝ ነበር፤ እኔም ጾመኛ ነኝ። እንደመጡ አስተኝቼ አያቸው ጀመር። አብዛኞቹ እርጉዞች ነበሩ። እርግዝናው ከገፋ ፅንሱም የእንሽርት ውሃውም በራሱ ስለሚታይ ፊኛው ባይሞላም ብዙ አያሳስትም። በዚያው ለመድኩት።

የሺ የመጣችው በዐቢይ ጾም፣ ዓርብ ቀን ነው። ደብረ ኤልያስ አካባቢ የምትኖር የገበሬ ሚስት ናት። ሦስት ጊዜ ፀንሳ ሦስቱም በሦስተኛውና በአራተኛው ወር መካከል ወርደውባታል። አሁን እርጉዝ አይደለችም፤ የማህፀኗን ነገር ለማወቅ ነው የመጣችው። ውሃ ጠጥታ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ከንፈሯ ደርቆ አይቻለሁ።

ስክሪኑ ላይ ሁለት ነጫጭ ነገሮች ጎን ለጎን አየሁ። የማህፀኑን አናት አንጀት ሸፍኖት ነበር። ሁለት ነጭ ጎን ለጎን ሲታይ ባለ ሁለት ቀንድ ማህፀን ሊሆን እንደሚችል ተምሬአለሁ። «ሊሆን ይችላል» የሚለውን ትቼ «ባለ ሁለት ቀንድ ማህፀን» ብዬ ጻፍኩ። ካርዱ ላይ «የፊኛ ሁኔታ» የሚል መስመር አለ። ባዶውን ተውኩት። ዶክተር ወረቀቱን አንብበው ማህፀኗ ሲፈጠር ሁለት ሆኖ እንደተከፈለ፣ የሚሰጥ መድኃኒት እንደሌለ ነገሯት። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልላ ሄደች።

ከዓመት ከአምስት ወር በኋላ፣ ነሐሴ ዘጠኝ ቀን፣ ተመልሳ መጣች። ባሏ ሙሉቀን ዝናቡን በረንዳ ላይ ቆሞ ያሳልፋል።

«ሲስተርዬ፣ አራተኛውም ወረደ» አለችኝ።

ላስቲኩ ውስጥ አሁን ሦስት ወረቀት አለ። አንዱ የኛ ነው። ሁለቱ ከሌላ ቦታ የተጻፉ ናቸው፤ ሁለቱም የኛን ቃል ደግመውታል።

«እነሱም በማሽን አዩሽ?»

«አንዱ አየኝ። አንዱ ‹ወረቀትሽ ይናገር የለም እንዴ› ብሎ ጻፈልኝ።»

«አሁን ምን አመጣሽ?»

«መስከረም ሲጠባ ሽማግሌ ሊያፋታን ነው። አማቴ ‹ቀንድ ያለው ማህፀን ጥጃ እንጂ ልጅ አይዝም› ትላለች። አገሩ ሁሉ ይስቃል።»

«እሱስ?»

«እሱማ ዝም ነው። እንደሷ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።»

ወረቀቶቹን ይዤ ዶክተር ታደለ ጋ ገባሁ። ሦስቱንም አነበቡ። «ስለ ማህፀኑ አናት አንዱም አይናገርም» አሉ። «አናቱ ከውጭ ተሰንጥቆ እንደሆነ ባለ ሁለት ቀንድ ነው፤ ብዙ ጊዜ አይነካም፣ ከተነካም ሆድ ተከፍቶ ነው። አናቱ ከውጭ ድፍን ሆኖ ከውስጥ ግድግዳ ወርዶ ከከፈለው ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ ብዙ ያስወርዳል፤ ደግሞም ሆድ ሳይከፈት በታች በኩል ገብተው ይቆርጡታል። የመጀመሪያውን ማን ነው ያየው?»

የወረቀቱ ፊርማ በመታጠፍ ብዛት ደብዝዞ ነበር። የእጅ ጽሑፉ ግን የማውቀው መስሎኝ ካርድ ክፍል ወረድኩ። ጌታሁን ካርዱን ከመደርደሪያው ለማውጣት ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ከፍቶ አየና ወደ እኔ አዙሮ አስቀመጠው።

«ያንቺ ጽሑፍ ነው» አለ። ጣቱን ቀኑ ላይ አሳረፈ። «መጋቢት፣ ዓርብ። ሁዳዴ ነበር።» ከዚያ ጣቱን ወደ ባዶው መስመር አወረደው።

ተመልሼ ገባሁ። «ዶክተር፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጾመኛ ነበረች። ፊኛዋ ባዶ ስለነበር አናቱን አላየሁትም።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ካላየሽው ለምን ጻፍሽ?»

መልሴን ሳይጠብቁ የሺን አስገቧትና የወር አበባዋ መቼ እንደመጣ ጠየቋት።

«በሐምሌ ገብርኤል።»

በጣታቸው ቆጠሩ። ሃያ አንደኛ ቀኗ ነው። በዚያን ጊዜ የማህፀን የውስጥ ሽፋን ስለሚወፍር ግድግዳ ካለ ጎልቶ ይለያል። «ጥሩ ቀን መጥተሻል፤ በይ ውጪና ውሃ ጠጪ» አሏት።

የሺ ከወንበሩ አልተነሣችም። «ፍልሰታ ነው።»

«ለሕክምና ይፈቀዳል። ንስሐ አባትሽን ጠይቂ።»

«እሳቸውስ ይፈቅዱልኛል። የማልፈቅደው እኔ ነኝ። ይህን ፍልሰታ ለእመቤቴ የተሳልኩት ስለ ልጅ ነው። ስለ ልጅ ብዬ የልጁን ስለት ላፍርስ?»

ዶክተር ወደ እኔ አዩ። የሚደረገውን ማወቅ አስቸጋሪ አልነበረም። ክፍሉ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ስሠራ ጠይቄው የማላውቀውን ጠየቅኳት።

«ቅዳሴ ስንት ሰዓት ይወጣል?»

«በዘጠኝ።»

«እንግዲያው ዛሬ እዚሁ ከተማ አስቀድሺና በቀጥታ እዚህ ነይ። ውሃውን እኔ ዘንድ ትጠጫለሽ።» ወደ ዶክተር ዞርኩ። «ማሽኑ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አይጥፋ።»

«ከሰዓት በኋላ ማዋለጃ ክፍል ነሽ።»

«ተራዬን ከሌላ ሰው ጋር እቀያየራለሁ።»

የተቆጡ መሰለኝ። «እኔም እቆያለሁ» አሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነጠላዋ በዝናብ ርሶ መጣች። አማትባ የመጀመሪያውን ኩባያ በአንድ ትንፋሽ ጠጣችው። አራት ጠጣች። ከአንድ ሰዓት በላይ አግዳሚው ላይ እየተቁነጠነጠች ቆየች። ስትተኛ «ሲስተርዬ፣ አጥብቀሽ ከተጫንሽኝ ኃላፊነቱን አልወስድም» አለች። የተጫኗት ግን ዶክተር ነበሩ።

ማህፀኑ ታየ። አናቱ እንደ እንቁላል ጫፍ ድፍን ነበር፤ ስንጥቅ የለውም። ከውስጥ፣ ከመሃል፣ ቀጭን ግድግዳ ወደ ታች ወርዷል። ዶክተር ደጋግመው ከላይም ከጎንም አዩት። ከዚያ ፕሮቡን ወደ ወገቧ ወሰዱት።

«ያኔ ኩላሊቶቿን አይተሽ ነበር?»

«አላየሁም።»

«የማህፀን አፈጣጠር ሲለይ አንዳንዴ አንድ ኩላሊት ይጎድላል። ሁልጊዜ እዪ።» ሁለቱም ነበሩ። «ግድግዳ ይመስለኛል። በኛ ማሽን ብቻ ግን አልፈርድም። አዲስ አበባ ሄዳ በኤም አር አይ ይረጋገጥ።»

የሺ ተኝታ ታዳምጣለች። «ቀንዱስ?»

«ቀንድ አይመስለኝም» አሏት።

«ታዲያ የት ሄደ?»

ዶክተር ጄሉን የሚጠርጉበትን ወረቀት አነሡ። መልሱ የእኔ ነው።

«መጀመሪያም በደንብ አላየሁትም ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች። ከዚያ «ሽንት ቤቱ በየት ነው?» አለች።

የሪፈር ወረቀቱን በማግሥቱ ልትወስድ ተቀጠረች። ዶክተር «‹ለተጨማሪ ምርመራ› ብለሽ ጻፊ። ስህተት የሚል ቃል ከዚህ ክሊኒክ አይውጣ» አሉኝ። ወደ ቤት ስንሄድ ለጌታሁን ነገርኩት።

«ወረቀቱን የምታስነብበው ሽማግሌ ፊት ነው» አለ። «ሽማግሌ ‹ተጨማሪ ምርመራ›ን ምን ያደርገዋል? እኔ ካርድ ክፍል ስቀመጥ ያየሁት ሰው ወረቀትን ሲከተል ነው። የፊተኛው ወረቀት እስካልተሻረ ድረስ እየተገለበጠ ይኖራል።»

ጠዋት ወረቀቱን ጻፍኩ። በመጋቢት የተጻፈው ስህተት መሆኑን፣ ማህፀኑ በግልጽ ሳይታይ መጻፉን፣ አሁን የታየውን፣ ከታች ሙሉ ስሜን። ዶክተር ቆመው አነበቡት።

«ስምሽን ጽፈሻል።»

«አዎ።»

«እንግዲያስ የእኔም ይኑርበት» ብለው ፈረሙ።

ሽማግሌዎቹ ፊት የሆነውን በኋላ የነገረችኝ የሺ ናት። ትልቁ ሽማግሌ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አስነበቡት። አማቷ «ያም ወረቀት ነበር፣ ይህም ወረቀት ነው፤ የቱን እንመን?» አሉ። አልተሳሳቱም። ያን ጊዜ ሙሉቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። «ሦስተኛውን አዲስ አበባ ሄደን እናምጣ። ፍቺው የትም አይሄድ» አለ። ሽማግሌዎቹ እስከ ፋሲካ ጊዜ ሰጧቸው።

አዲስ አበባ ኤም አር አይ ተነሣች። ግድግዳ ነበር። ሆዷ ሳይከፈት ቆረጡላት። ከፋሲካም በኋላ አልተፋቱም። በኋላ ፀነሰች፣ አራተኛውን ወር አለፈች፣ ሴት ልጅም በኛ ክሊኒክ ወለደች። ያዋለድኳት እኔ አይደለሁም፤ ተረኛ አልነበርኩም።

የሺ የሪፈር ወረቀቷን በወሰደችበት መኸር እኔና ጌታሁን ከሥራ በኋላ እየቆየን በጾም ወራት የተጻፉትን ካርዶች አንድ በአንድ አወጣን። እርጉዝ ሳይሆኑ ታይተው ባለ ሁለት ቀንድ ብዬ የጻፍኩባቸው ሌሎች አምስት ሴቶች ተገኙ። ጌታሁን ስማቸውን በዝርዝር ጽፎ ስልክ ላላቸው ደወለ፣ ለሌላቸው በገበያተኛ ላከ። ሦስቱ መጡ። ውሃ አጠጥተን አየናቸው። ሁለቱ እውነትም ባለ ሁለት ቀንድ ነበሩ፤ አዲስ አበባም ያንኑ አለ።

ሦስተኛዋ ቆብ ደፍታ መጣች። ዕድሜዋ ገና አርባ አልሞላም። የእሷም አናቱ ድፍን ነበር፤ ከውስጥ ግድግዳ አለው።

«ቀንድ አይደለም ነው የምትይኝ?»

«አይደለም፣ እማሆይ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

«ባሌ ሌላ አግብቶ ሦስት ወልዷል» አለች። «ይሁን። ጻፊልኝ።»

«ለማን ይጻፍ?»

«ለማንም። ለእኔ።»

ጻፍኩላት። አጣጥፋ ይዛው ሄደች። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ በጾም ወራት አልትራሳውንዱ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይሠራል። ጡረታ ስወጣም እንደዚያው ነበር።

ጌታሁን ባለፈው ጥር አረፈ። የአምስቱ ስም ዝርዝር እኔ ዘንድ ነው። ከሁለቱ ስም ፊት ለፊት በእጁ «አልተገኘችም» ብሎ ጽፏል። ይህን ትዝታ ከፍልሰታ ጀምሬ ኅዳር ላይ ጨረስኩት።

አልትራሳውንድ ክፍል ለምትገቡ የምነግራችሁ ይህን ነው። የማህፀኑን አናት እዩ። ኩላሊቶቹን እዩ። ፊኛው መሙላቱን ጻፉ። ያልታያችሁን «በግልጽ አልታየም» ብላችሁ ጻፉና ሌላ ቀን ቅጠሩ። ሴትዮዋ ትመለሳለች።