ከአደን በኋላ የሚታደል ሲጋር

ጋሼ ማድ ቤት አይገቡም። ውሃ ሲፈልጉ እንኳ ከሳሎን ሆነው ነው የሚጣሩት። ስለዚህ አንድ ዓርብ ከሰዓት የጥድ ሳጥናቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ማድ ቤቱ በር ላይ ሲቆሙ፣ ያጠፋሁት ነገር ያለ መሰለኝና የምልጠውን ድንች እንደያዝኩ ብድግ አልኩ። እሳቸው ግን እትዬ ጓሮ መሆናቸውን ገልመጥ ብለው አረጋገጡና ሳጥኑን ከፈቱ። አንድ ሲጋር አውጥተው ወደ አፍንጫዬ አስጠጉልኝ።

«ምን ይሸትሻል?»

«ትምባሆ» አልኩ።

«እሱንማ ሳጥኑም ያውቀዋል። ሌላስ?»

ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል። የማላውቀውን ነገር ስጠየቅ ደግሞ ጭራሽ ምላሴ ይታሰራል። ሽታው ግን እውነትም ሌላ ነገር ነበረው። የማውቀው ነገር ነው፤ ስሙ ብቻ ቶሎ አልመጣልኝም። ደግሜ አሸተትኩት።

«የበቅሎ ኮርቻ» አልኩ በመጨረሻ። «ዝናብ የመታው።»

ይስቁብኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከሩቅ አገር የዘመድ ወሬ እንደ ሰማ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሱ ነው» አሉ። «እሱ ራሱ ነው።»

ጋሼና እትዬ ቤት የምሠራው ቡራዩ ነው፤ ወደ ገፈርሳ ሲወጣ ባሕር ዛፉ ተቆርጦ አዳዲስ ቤት የተሠራበት ሰፈር። እኔ የሱሉልታ ገጠር ልጅ ነኝ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት አቁሜ ጥቂት ዓመት ቤተሰብ ስረዳ ቆየሁና ወደዚህ መጣሁ። ጋሼ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የውጭ አገር አዳኞችን ቆላ ለቆላ ሲያመላልሱ የኖሩ ሾፌር ናቸው። ሲጋር የለመዱት ከእነሱ ነው። ሳጥኑም ከአንዱ የተሰጣቸው ነው፤ የሚሞላው ደግሞ የድሮ የሥራ ጓደኞቻቸው አልፎ አልፎ በሚልኩላቸው ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ አደን አለ። ሰበታ የብረታ ብረት ሱቅ ያለው የእትዬ ታናሽ ወንድም ጎህ ሳይቀድ በመኪናው ይመጣና ጋሼን ይዟቸው ወደ ሱሉልታ ይሄዳል። እዚያ ሁላችንም ኦቦ እያልን የምንጠራቸው ገበሬ ውሾቻቸውን ይዘው ይጠብቋቸዋል። የኦቦ የድንች ማሳ ከገደሉ አፍ ላይ ነው። ከርከሮ ሌሊት ከገደሉ ወጥቶ ማሳውን ሲያርስ ያድርና ሲነጋ ወደ ጥሻው ይመለሳል። የእትዬ ወንድም የመሣሪያ ፈቃድ አለው፤ ኦቦ ደግሞ ጦርና ውሾች አሏቸው። ጋሼ ጉልበታቸው ስለማይታዘዝላቸው መኪናው ውስጥ ብርድ ልብስ ለብሰው ይቀመጣሉ። ማታ ሦስቱም ቡራዩ ይመለሳሉ። ኦቦ እዚሁ ያገባች ልጅ አለቻቸው፤ እሷ ዘንድ አድረው እሁድ በሚኒባስ ይሄዳሉ።

ራት ከተበላ በኋላ ሳጥኑ ይከፈታል። የሳጥኑ ሕግ የጋሼ ነው፤ ማንም ለራሱ አይመርጥም። ሁሉም ቀኑን ከጠዋት እስከ ማታ ይናገራል፣ ጋሼ ያዳምጣሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ የሚስማማውን ሲጋር እያሸተቱ ያድላሉ። ለደከመ ለስለስ ያለ፣ ለጨከነ ከበድ ያለ። ውሸት ለተናገረ ደግሞ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነች፣ ሁለቴ ስትሳብ የምታልቅ አለች።

«ለምን ሰው ለራሱ አይመርጥም?» ብሎ የእትዬ ወንድም ሲነጫነጭ ሰምቻለሁ።

«ሰው የራሱን ቀን ሲመዝን ሚዛኑን በክርኑ ይጫነዋል» አሉት። «ይልቅ ንገረኝ፤ በአንድ ጥይት ነው የጣልኩት አልክ?»

«በአንድ ጥይት!»

«እኔ መኪናው ውስጥ ሆኜ ሦስት ተኩስ ሰማሁ።»

«ገደሉ ነዋ ያስተጋባው!»

ኦቦ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲስቁ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። የእትዬ ወንድም ያን ቀን ቀጭኗን አጨሰ። ብዙ ጊዜ ቀጭኗን የሚያጨሰው እሱ ነው። ኦቦ ግን የተሰጣቸውን ሲጋር ሁልጊዜ ከመሐል ቆርጠው ግማሹን በመሐረብ ይቋጥራሉ፤ ቤታቸው ወስደው እየፈረፈሩ ጭሱን በውሃ በሚያሳልፈው የቅል ጋያ ሊስቡት።

«ኦቦ፣ ይሄ እኮ ግፍ ነው!» ይላል የእትዬ ወንድም።

«ግፍስ ያለ ውሃ መሳብ ነው» ይላሉ እሳቸው። «ጉሮሮ የምጣድ ቂጥ ነው እንዴ?»

ይህን ሁሉ የማየው ከማድ ቤቱ በር አጠገብ ቆሜ ነው። ፍም ሲፈልጉ አቀርባለሁ፣ ሲጨርሱ አነሣለሁ።

ያ ዓርብ የመጣው ከክረምቱ በኋላ ነው። ክረምቱን ጋሼ በብርቱ ጉንፋን ታመው ከርመዋል። ትኩሳቱ ሲለቃቸው ማሽተትም አብሮ ሄደ። ለእትዬ እንኳ አልተናገሩም። እኔ ግን አንድ ነገር ገርሞኝ ነበር። እትዬ ሽሮ ጥደው ረስተውት ቤቱ በሙሉ በማረር ሽታ ሲታፈን፣ ጋሼ ሳሎን ተቀምጠው «ዛሬ ምን ሠራችሁልን?» ብለው ጠየቁ።

«አየሽ ልጄ» አሉኝ ዓርብ ዕለት ሳጥኑን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። «እኔ አልተኩስ፣ አልሮጥ። ይዘውኝ የሚሄዱት ማታ ይህችን ሳጥን ስለምከፍትላቸው ነው። አፍንጫው ሄደ ካልኩ ‹ጋሼ፣ እርስዎ ይረፉ› ይሉኛል። ይረፉ የተባለ ሰው እንዴት እንደሚሆን ደግሞ አይቻለሁ። ከአልጋው ማዶ አገር የለውም።»

ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ የእኔ ሥራ ማሽተት ሆነ። ከግራ ጀምሬ ለስላሳውን፣ ወደ ቀኝ ከበድ ያለውን እደረድራለሁ። እሳቸው ማታ እንደ ድሮው እያሸተቱ ያስመስሉና በቦታው ያነሣሉ። መደርደሩ ቀላል ነበር። የከበደኝ ስም መፈለጉ ነው። «ጥሩ ነው» ካልኩ ይቆጣሉ። «ጥሩ ሽታ አይደለም። ምን ይመስላል?» ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ነገር እያነሣሁ ማሽተት ጀመርኩ። ገመድ፣ የአሮጌ ኮት ገበር፣ ያደረ አመድ፣ ጌሾ፣ የሰም እንጀራ። አንዱ ሲጋር በወይራ የታጠነ የወተት ዕቃ ይሸታል። ሌላው ገብስ የከረመበት ጎተራ። አንዱን አሽትቼ የልጅነት ቤቴ ታወሰኝ፤ ኩበት ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው ብዬ በስተቀኝ ጥግ አስቀመጥኩት። ጋሼ ለኦቦ ሰጧቸው፤ ኦቦ አንድ ጊዜ ሳቡና ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ሳሉ። ያኔ የሚወደድ ሽታና የሚጨስ ሽታ እንደሚለያይ ገባኝ።

አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ የትምባሆ ቅጠል በቅሎ የሚባል እንስሳ አይቶ አያውቅም። ኮርቻ ለምን ይሸታል?»

ጥያቄው ደስ አላቸው። ቅጠሉ ሲደርቅ ተከምሮ እንደሚቀመጥ፣ ክምሩ ውስጥ ራሱን በራሱ እያጋለ እንደሚያልበው ነገሩኝ። እርጥብ ጭድ ክምር ውስጥ እጄን ከትቼ ስለማውቅ ወዲያው ገባኝ። ሙቀቱ ያስደነግጣል፤ እሳት የሌለበት ምድጃ ነው። ታዲያ ኮርቻም የሚሸተው ላብ ጠጥቶ ነው። በዚያ ሳምንት ያንን እያሰብኩ ነው የከረምኩት።

ከዚያ ያ ቅዳሜ መጣ። ኦቦ ገና ከበሩ «አካም ኦልተን!» እያሉ ሲገቡ ድምፃቸው ሌላ ነበር። ማሳቸውን ሲያራቁት የከረመው ትልቁ ከርከሮ ወድቋል። ራት ላይ ሁለቱም በየተራ ተናገሩ። የእትዬ ወንድም ተኩሶ አቁስሎታል፤ ያንን አልዋሸም። የቆሰለው እንስሳ ጥሻ ሲገባ ግን ተከትለው የገቡት ኦቦ ናቸው፤ በጦር ብቻ። ጋሼ «ለምን ገቡ?» ሲሏቸው «ውሻዬ ቀድማኝ ገብታ ነበር። እሷን ትቼ እንዴት ልቁም?» አሉ።

ጋሼ ወደ ሳጥናቸው እጃቸውን ሲሰዱ የእትዬ ወንድም ያዛቸው።

«የዛሬው በዚያች አይሆንም» አለና ከቦርሳው አዲስ፣ የሚያብለጨልጭ ሳጥን አወጣ። «አንድ ደንበኛዬ ከዱባይ ያመጣልኝ ነው። ጋሼ፣ ከዚህ ያድሉን!»

ፍሙን ይዤ በሩ ላይ ደርሼ ነበር። ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ። ሳጥኑ ሲከፈት ሽታው እኔ እስካለሁበት መጣ፤ ጣፋጭ፣ የኬክ ቤት ሽታ። እሳቸው አንዱን አንሥተው አፍንጫቸው ሥር አዟዟሩት። ወፍራም ነው፣ ጥቁር ነው። ለዓይን እውነትም የጀግና ነው። መናገር ፈለግኩ፤ ሳል ብቻ ወጣኝ። ደግሜ ሳልኩ። ጋሼ ግን አልገባቸውም።

«ይሄ ከባድ ነው» አሉ። «ኮርቻ ኮርቻ ይላል። የኦቦ ነው።»

የእትዬ ወንድም ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቋረጠ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቫኒላ ነው። ልጆቼ ከረሜላ መስሏቸው ቤቱን ሲያምሱ ነው ያደሩት።»

ኦቦ ሲጋሩን ከጋሼ እጅ ቀስ ብለው ተቀበሉ፣ አሸተቱት፣ ወደ ጣሪያው አዩ።

«ዱጋ፣ እውነት ነው» አሉ። «ኮርቻ ነው።»

«ኦቦ! እርስዎም?»

«ኮርቻ ነው አልኩህ። የአንተ አፍንጫ ሱቅ ለምዷል።»

ጋሼ ኦቦን አዩ። ያ ውሸት ቢያልፍ እንደሚያመልጡ የገባቸው ይመስለኛል፤ ፊታቸው አንድ ጊዜ ለቀቅ ብሎ ነበር። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉና ሲጋሩን መልሰው ወሰዱት።

«ኦቦ፣ እዚህ ገበታ ላይ ውሸት የተናገረ ምን እንደሚያጨስ ያውቃሉ» አሉ። «ዛሬ ግን እርስዎ አያጨሷትም፤ የእኔ ናት።» የጥድ ሳጥናቸውን ከፍተው ቀጭኗን ሲጋር አወጡና ከፊታቸው አስቀመጧት። «ከክረምት ጀምሮ ምንም አይሸተኝም። የቡናም፣ የባሩድም።»

እትዬ ከመኝታ ቤት ብቅ አሉ። «ለካስ! ሽሮዬ ሲያር ‹ምን ሠራችሁልን› ያሉት ለዚህ ነው? እኔ ደግሞ ትሕትና መስሎኝ!»

«ቆይ ቆይ» አለ የእትዬ ወንድም። «እስከ ዛሬ ታዲያ ማን ነበር የሚመርጥልን?»

ጋሼ ወደ እኔ በአገጫቸው አመለከቱ። ማንደጃውን የምጥልበት ጠፋኝ።

«እሷ?» አለ። «ቀጭኗንም እሷ ናት የፈረደችብኝ?»

«ቀጭኗን እንኳ እኔው ነኝ» አሉ ጋሼ። «ለአንተ አፍንጫ አያስፈልግም።»

ኦቦ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው አልወሰዱም፤ በግልጽ ሳቁ። የእትዬ ወንድም መጀመሪያ ሊኮሳተር ፈልጎ ነበር፤ አልሆነለትም።

«ኢንታላ ኮ» አሉኝ ኦቦ፣ «ልጄ፣ ነይ እስኪ። የኔ የዛሬው ቀን ምን ይሸታል?»

ማንደጃውን አስቀምጬ ቀረብኩ። ከዚያ በፊት ያን ጠረጴዛ ከማጽዳት በቀር ቀርቤው አላውቅም። ጋሼ ሳጥኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉ።

«ቀኑን እኔ እነግርሻለሁ» አሉ። «ሰውየው ውሻዬን አልተውም ብሎ ጥሻ ገብቷል። ጀግና ነኝ ግን አላለም። ይህን የሚመስል ካለሽ ስጪው።»

ከበድ ያለውን ልሰጥ እጄን ወደ ቀኝ ሰድጄ መለስኩ። የኦቦ ፊት ድካም ብቻ ነበር። ከመሐል አንዱን አነሣሁ። ድምፄ ይሰማ አይሰማ አላውቅም፤ «ይሄ የገብስ ጎተራ ይሸታል» አልኩ። «ባዶ ያልሆነ።»

ኦቦ ተቀበሉኝና ለረጅም ጊዜ አሸተቱት። ቢላዋ አልጠየቁም። ሙሉውን ለኮሱት።

«የኔስ?» አለ የእትዬ ወንድም የዱባዩን ሲጋር አፍንጫዬ ድረስ እያመጣ። «እውነቱን ተናገሪ፤ አንተ በይኝ ብዬሽ የለ? አትፍሪኝ።»

«የተቃጠለ ከረሜላ» አልኩት።

«ይገባኛል!» አለና ራሱ ለኮሰው። ጭሱ ቤቱን ሞላው፤ እትዬ መስኮት ከፈቱ። ጋሼ ቀጭኗን እንደያዙ ነበሩ። ሳይለኩሷት በጣታቸው መሐል ያንከባልሏት ነበር። እኔ ግን ልሂድ ወይስ ልቁም እያልኩ አንድ አዲስ ነገር አስተዋልኩ። የኦቦ ሲጋር እየነደደ ሲሄድ ሽታው ተለወጠ፤ ጎተራው ቀርቶ ሌላ ነገር ሆነ። ለጋሼ ጎንበስ ብዬ ነገርኳቸው።

«አዎ፣ ይለወጣል» አሉ ቶሎ ብለው። «አሁን ምን ሆነ?»

«የተላጠ ጥድ።»

«መሐሉ ላይ ደርሷላ። ሲያልቅ ደግሞ ንገሪኝ።»

ቀጥለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ማንንም ሳያዩ፣ ክብሪቱን እየፈለጉ እንደ ዋዛ ጠየቁ።

«ቅዳሜ በስንት ሰዓት ነው የምትሄዱት?»

ኦቦ የእትዬን ወንድም አዩት። እሱ የጠፋበትን ሲጋር እንደገና ሊለኩስ ፍሙ ላይ አጎንብሶ ነበር፤ ቀና እንኳ አላለም።

«አሥራ አንድ ሰዓት» አለ። «እንደ ዛሬው ጫማ ጠፋኝ ብለው እንዳያስጠብቁን።»