አንድ ሌሊት የሚዘፈዘፍ ሩዝ

ሀምዲያ በአሶሳ ገበያ ቅመም መሸጥ ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ሄሉን፣ ቀረፋውን፣ ቅርንፉዱን ዓይኗን ጨፍና በማሽተት ብቻ ትለየዋለች። የሻገተ ቀረፋ ከደህናው ቀላቅሎ ያመጣ ነጋዴ ሁለተኛ ወደ እሷ መደብ አይጠጋም፤ ምላሷን ያውቀዋላ! እንግዲህ ይህች ሴት በአንድ ማክሰኞ ጠዋት ጓሮዋ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ አንድ ማሰሮ ሩዝ እያሸተተች የገዛ አፍንጫዋን አላምን አለች ቢባል ገበያው በሙሉ አያምንም። ግን አላመነችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሀምዲያ ብኸይታ የሚባል አንድ ታናሽ ወንድም አላት። በወጣትነቱ ሥራ ፍለጋ ድንበር ተሻግሮ ሱዳን፣ ደማዚን ገባ፤ እዚያው ልብስ ሰፊ ሆነ፣ አገባ፣ ወለደ። የዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት እናታቸው ታመመችና በአራተኛው ቀን ሞተች። ያን ጊዜ ከደማዚን እስከ ድንበሯ ከተማ ኩርሙክ ያለው መንገድ ተኩስ ነበረበት፤ የወጣ ሰው መድረሱ አይታወቅም። ብኸይታ ደግሞ እናትህ ሞተች ይቅርና ራሷን አመማት ቢሉት እንኳ የሚቆም ሰው አይደለም። ሀምዲያም እናቴን ቀበርኩ፣ ወንድሜን አልቀብርም አለችና መርዶውን አፈነችው።

ሲደውል እማ ተኝታለች ትለዋለች። ሌላ ቀን ጎረቤት ሄዳለች። አንድ ጊዜ፣ የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ቶብ፣ ሰማያዊ የሆነ፣ ጠርዙን በገዛ እጁ የሰፋውን፣ ለእናቱ በሰው ላከ። ወደደችው ወይ ብሎ ጠየቃት። ወደደችው፣ ቀኑን ሙሉ ከላይዋ አላወረደችውም አለችው። ወይ ሀምዲያ! እሺ መርዶውን ደበቅሽ፤ ይቺን ምን ብለሽ ጨመርሽ?

አርባው አልፎ መንገዱ ረገብ ሲል እውነቱን ነገረችው። ብኸይታ አልጮኸም፣ አልሰደበም። “ቶቡስ?” ብሎ ብቻ ጠየቃት። ከዚያም ስልኩን ዘጋው። ከዚያ ወዲህ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፁን አልሰማችም።

አሁን ጦርነቱ ወደ ደማዚን ሲጠጋ ሚስቱና ልጆቹ ቀድመው ባምባሲ ዘመድ ዘንድ ገቡ። እሱ ቤቱን ሲጠብቅ ቆይቶ ባለፈው ሳምንት ኩርሙክ ተሻገረ። ወሬውን ያመጣላት ሀይደር ነው፤ የሟች ባሏ የወንድም ልጅ፣ ከኩርሙክ በአሶሳ አድርጎ እስከ ባምባሲ ሚኒባስ የሚነዳው። ብኸይታ ማክሰኞ ከእሱ ጋር ወደ ባምባሲ ያልፋል። የእማን የሩዝ መጠጥ ከሠራችልኝ ገብቼ አንድ ኩባያ እጠጣለሁ፣ ከዚያ መንገዴን እሄዳለሁ ብሏል። ሌላ ቃል አልጨመረም። ሀምዲያ ሀይደርን ሦስት ጊዜ አስደገመችው። አንድ ኩባያ ናት፤ ይቺ ከተበላሸች ወንድም የሚባል ነገር እንደማይኖራት ልቧ ነግሯታል።

የእናታቸው የሩዝ መጠጥ ደግሞ ጥድፊያ አይወድም። ሩዙ ከምሽት ጀምሮ በሸክላ ይዘፈዘፋል፤ በአሶሳ የሚያዝያ ሙቀት በፕላስቲክ ካደረ አይሆንም። ጠዋት በድንጋይ ይፈጫል፣ በንጹሕ ሻሽ ይጠለላል፣ ቀረፋና ሄል ፈልቶበት የቀዘቀዘ ውሃ ይጨመርበታል፤ ስኳርና ወተቱ መጨረሻ ላይ ነው። እናታቸው ሩዙን እሳት አታሳየውም ነበር። የተቀቀለማ ገንፎ ነው ትል ነበር፤ ብኸይታም ልጅ ሆኖ ከኩባያው ሥር የሚቀረውን ዝቃጭ በጣቱ እየጠረገ ይልስ ነበር።

ሰኞ ማታ ሀምዲያ የእናቷን ማሰሮ ከጓዳ አወጣች። ከሞተች ወዲህ ያን መጠጥ ሠርታ አታውቅም፤ ማሰሮው ውስጥ ዶሮ ስትታቀፍበት ነው የኖረችው። አጥባ ውሃ ብትሞላው ከሥሩ ይንጠባጠብ ጀመር። ተሰንጥቋል። ምን ታድርግ፣ አጥር ወደምትጋራት ወደ በቀለች ሄደች።

የበቀለች ወላጆች በድርቁ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው፤ እሷ እዚሁ ነው ያደገችው። ሀምዲያ አፏን የፈታችው በበርታኛ ስለሆነ አማርኛው ላይ ወንዱንና ሴቱን ታምታታለች፤ በቀለችን ሃያ ዓመት ሙሉ “አንተ” ትላታለች፣ በቀለችም ሃያ ዓመት ሙሉ “አቤት” ትላለች። ክርስቲያን ናት፣ ጠላ ትጠምቃለች። ለሙስሊም ጎረቤቶቿ ግን ሳህኑንም፣ ብርጭቆውንም፣ ማሰሮውንም ለብቻው መደርደሪያ ላይ አስቀምጣለች፤ ጠላ የነካው ዕቃ እዚያ አይወጣም። ማሰሮውን ከዚያው አውርዳ ሰጠቻት። ሁለቱም ምንም አልጠረጠሩም። ምኑን ይጠረጥሩ?

ማክሰኞ ጠዋት ሀምዲያ ክዳኑን ስታነሳ ውሃው ላይ ጥቃቅን አረፋ አየች። አሸተተች። ያ በማሽተት የማይታማ አፍንጫዋ ወዲያው ነግሯታል፤ እሷ ግን ሙቀቱ ነው ብላ ራሷን ሸነገለች። ሩዙን ፈጨች፣ ጠለለች፣ ቅመሙን አዋሃደች፣ አጣፈጠች። ስትቀምሰው ምላሷን ጠቅ አደረጋት። ተመልሳ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠችና ማሰሮውን ደግማ አሸተተች።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በቀለች ነጠላዋን መሬት ለመሬት እየጎተተች መጣች።

“ሀምዲያ፣ ከዚያ ማሰሮ ማንም እንዳይጠጣ” አለች።

ለፋሲካ ከወንበራ መጥታ የተመለሰችው የባሏ እህት ዕቃ አንሷት ኖሮ፣ ማሰሮውን ከመደርደሪያው አውርዳ የጠላ ጥንስስ ጠንስሳበታለች። አጥባም ቦታው መልሳዋለች። ይህንንም ለበቀለች የነገረቻት ገና ያን ዕለት ጠዋት፣ በስልክ፣ በጨዋታ መሃል ነው። ሸክላ ደግሞ የገባበትን እርሾ በውሃ ብቻ አይለቅም። ሩዙ ሌሊቱን ከጠላ ጥንስስ ጋር ነው ያደረው። በቀለች ይህን ተናግራ መሬት ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ለወንድምሽ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ አለች።

ሀምዲያ በሐሳቧ ሰዓት እየቆጠረች ነበር። ሀይደር አምስት ሰዓት ላይ ይደርሳል። አዲስ ሩዝ ለመዘፍዘፍ ሌሊት ያስፈልጋል። ቀቅላ ብታቀርብ ብኸይታ በመጀመሪያው ጉንጭ ያውቃል። የለም ብትለው ደግሞ ከደጅ ይመለሳል። መንገዱ ሁሉ ተዘጋባት፤ ፈራች፣ ከልቧ ፈራች።

መላውን ያመጣችው ልጇ ሂባ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት፣ ነገር ቶሎ ይገባታል። ሄልና ዝንጅብል ጨምሪበት እማዬ፣ ማን ያውቃል አለቻት። እናቱን ሲያስታውስ ሽታውን ልብ አይለውም፤ ባለማወቅ የጠጣውን ደግሞ አላህ አይጠይቀውም። በቀለችም ዓይኗን እየጠረገች፣ እኔ ከዚህ አጥር አላሳልፈውም አለች።

ሀምዲያ ተነሳችና ሄሉን ወቀጠች። ዝንጅብሉን ፈቀፈቀች፣ ቅርንፉድ ጣል አደረገች፣ ስኳር ጨመረች። አማሰለችና ቀመሰች። ጠፍቷል። የጠላው ነገር ድራሹ የለም፤ የእናቷን የመሰለ፣ እንዲያውም የጣፈጠ መጠጥ ሆኗል። ሃያ ሁለት ዓመት የተማረችው ሙያ በሩብ ሰዓት አልቆ ኩባያ ውስጥ ገባ። ግን ደስ አላላትም። ለካ መሸፈን እንዲህ ይቀለኛል አለች በልቧ።

ሚኒባሱ ደጅ ላይ ቆመ። ሀይደር ሞተሩን አላጠፋም። ብኸይታ ትከሻው ላይ አንድ ከረጢት አንጠልጥሎ ገባ። ከስቷል፣ ጺሙ ነጭ ሆኗል፤ አካሄዱ ብቻ አልተለወጠም። በቀለች ከአጥሩ ማዶ ሄዳ ጸጥ ብላለች። ሂባ አጎቷን ተንበርክካ እጁን ሳመች፤ ፀጉሯን ዳበስ አደረጋት። ለሀምዲያ ሰላምታውን በአግባቡ አቀረበ፤ ጤናዋን ጠየቀ፣ እንደ እንግዳ ሰው። ምንጣፍ ተነጥፎለት ነበር፤ አልተቀመጠም። ምንጣፉ አጠገብ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ቆሞ ግቢውን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ ሀይደር ይቸኩላል አለ።

ሀምዲያ ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። ብኸይታ ገና ከሩቁ ሽታው ሲደርሰው ፊቱ ፈታ አለ። ለአንድ አፍታ የዱሮው ልጅ፣ ዝቃጩን በጣቱ የሚልሰው ልጅ፣ ፊቷ ቆመ። እጁን ዘረጋ። ወላሂ፣ ያቺን ፊት ለማየት ሀምዲያ የቀረ ዕድሜዋን ትሰጥ ነበር። ቢጠጣ ቂሙ ሁሉ ያልቃል። ወደደችው ወይ ብሎ የጠየቃት ቀንም እንዲህ ነበር፤ አንዲት ቃል ብቻ፣ እሱም ደስ ይለዋል።

ኩባያውን ወደ ራሷ መለሰችው።

“አትጠጣው፣ ብኸይታ። ማሰሮው ጠላ የነካው ነው። ሳላውቅ ዘፈዘፍኩበት፤ ካወቅሁ በኋላ ደግሞ በቅመም ሸፈንኩት።”

ሂባ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ብኸይታ የተዘረጋ እጁን ቀስ ብሎ አወረደ። የሚኒባሱ ሞተር ብቻ ይሰማል።

“ባትነግሪኝ አውቀው ነበር?”

“አታውቀውም።”

“ታዲያ ለምን ነገርሽኝ?”

ያ ገበያ የሚያርድ የሀምዲያ ምላስ የት እንደገባ እንጃ፤ ቃሉ አንድ በአንድ ነው የወጣው። “ቶቡን አላየችውም” አለች። “ሲደርስ ከተቀበረች አሥራ አንድ ቀኗ ነበር። እንደታጠፈ ሳጥኔ ውስጥ አለ። በመንገድ ትሞትብኛለህ ብዬ ነው የዋሸሁህ። የዛሬውን ግን ምን ብዬ ልዋሽህ?”

ብኸይታ ኩባያውን ከእጇ ተቀበላት። አሸተተው፣ ዓይኑን ጨፈነ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ የማንጎው ሥር ላይ ቀስ አድርጎ አፈሰሰውና ባዶውን መለሰላት። ዞሮ ወደ በሩ ሄደ። ሀምዲያ አልተከተለችውም። በቃ፣ ሄደ አለች በልቧ፤ እንደዚያም ሆኖ አልተጸጸተችም፤ እንባዋ ግን ዝም ብሎ ይወርዳል።

ውጭ ሀይደርን ሲያናግረው ሰማች። የሚኒባሱ በር ተከፈተ፣ ተዘጋ። ከዚያ የሞተሩ ድምፅ እየራቀ ሄደ። ቀና ስትል ብኸይታ አንድ ትልቅ ሻንጣ እየጎተተ ከበሩ ሲገባ አየችው። ሻንጣውን የማንጎው ግንድ ላይ አስደገፈና ላቡን ጠረገ።

“ሩዙ ስንት ሰዓት ነው የሚዘፈዘፈው?” አላት፤ ልጅ ሆኖ ሲያየው ያደገውን ነገር የማያውቅ ይመስል።

“ሌሊቱን ያድራል።”

“እንግዲያው ዘፍዝፊው። እጠብቃለሁ።”

ከአጥሩ ማዶ በቀለች አፍንጫዋን ስትናፈጥ ተሰማ። ብኸይታ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠና ጫማውን አወለቀ።