ትከሻ እስኪደርስ

ባለፈው ሳምንት ለንደን ውስጥ ኪልበርን ሰፈር አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ገብቼ ሽሮ አዝዤ ነበር። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ካርቱምን ያሳያል፤ ጭስ፣ የፈራረሰ ሕንፃ፣ ፍራሽ ተሸክሞ የሚሸሽ ሰው። ሽሮው እየተንተከተከ ሲመጣ እኔ ቆሜያለሁ። መቀመጥ አቃተኝ። ሳልቀምሰው ወጣሁና አውቶቡሱን ትቼ በእግሬ ጉዞ ጀመርኩ። እኔ እንዲህ ነኝ፤ ጭንቅ ሲመጣብኝ እግሬ ይቀድመኛል። ካርቱም የእህቴ ባል ግርማ የተቀበረባት ከተማ ናት።

እሱ ሲሞት ገና ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ከታላቅ እህቴ ከእትዬ አልማዝ ጋር ካሌዶኒያን ሮድ አጠገብ፣ የሰፈሩ አስተዳደር፣ ካውንስሉ፣ በሰጠን ጠባብ ቤት እንኖር ነበር። በመተማ በኩል ሱዳን የገባነው ሦስት ሆነን ነው፤ መንገድ ላይ ጫማዬ ተበጥሶ ግርማ አዝሎኛል። ወደ ለንደን የመምጣት ዕድል ለሁለት ሰው ብቻ ሲገኝ «እናንተ ቅደሙ፤ እኔ እደርሳለሁ» ብሎ ቀረ። ቪዛውን ሲጠብቅ ወባ ገደለው።

መርዶውን የሰማነው በብርዱ ወራት አንድ እሑድ ጧት ነው። እትዬ አልማዝ ጮኸች፣ ደረቷን መታች፤ ከዚያ የልብስ መቀስ አንስታ ፀጉሯን ከሥሩ ቆረጠችው። ለቅሶ የመጣው ሰው አልገረመውም፤ አገር ቤትም ባሏ የሞተባት ፀጉሯን ትላጭ የለ? የተቆረጠውን ግን አልጣለችውም፤ በነጠላ ጠቅልላ ትራሷ ሥር አኖረችው። ሙት ዓመቱ ሲደርስ ሽማግሌዎች መጥተው «በቃሽ ልጄ፤ ከሉን አውልቂ፣ እርምሽን አውጪ» አሏት።

«አባቶቼ፣ አፈር ያላለበስኩትን ሰው እንዴት አድርጌ ነው እርሜን የማወጣው?»

ሽማግሌዎቹ ሻያቸውን ጠጥተው፣ ያጽናሽ ብለው ሄዱ።

እኔ ደግሞ ከለንደን ርቆ ያለው ሊድስ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ቦታ አግኝቻለሁ። መኸር ላይ መሄድ አለብኝ፤ እሷን በዚያ ሁኔታ ትቼ ግን ወዴት እሄዳለሁ? ቤቱ ይጠበኛል። ካሌዶኒያን ሮድን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ በዝናብም በጤዛም፣ የተጠበሰ ድንች ሽታ እየተከተለኝ እመላለስበታለሁ። የት ነበርሽ ስባል ወተት ልገዛ እላለሁ። ቤታችን ወተት ሞልቶ ተርፎ ነበር።

ያን ሰሞን ነው ኮሌጅ ስለ አንድ ሕዝብ አኗኗር አጥንተሽ ተናገሪ ተብዬ ቲሙኩዋዎች የደረሱኝ። ስማቸውን ሰምቼ አላውቅም። ዛሬ ፍሎሪዳ በሚባለው ምድር ይኖሩ የነበሩ ናቸው፤ ነጮች ከመጡ በኋላ በሽታና ጦርነት ጨረሳቸው። የምናውቀውም አብዛኛው ያዩአቸው እንግዶች የጻፉትን ነው። በዘንባባ ቅጠል የተከደነ ክብ ጎጆ ነበራቸው። በቆሎ፣ አደንጓሬና ዱባ ይተክላሉ፤ ዓሣውንና የአጋዘን ሥጋውን፣ አዞ ሳይቀር፣ በእንጨት ቆጥ ላይ በጭስ ያደርቃሉ። ትልቅ ግንድ በእሳት እያቃጠሉ፣ በዛጎል እየፋቁ ታንኳ ያወጣሉ። ለምክር ሲቀመጡ ከቅጠል የተፈላ ጥቁር መጠጥ ይጠጣሉ። ብርድ ሲገባ መንደሩ ተነስቶ ጫካ ይገባል። በዚህኛው ቀናሁ። ጊዜው ሲደርስ ሁሉም አብሮ ይነሳል፤ ማን ማንን ትቶ ይሂድ የሚል ጣጣ የለም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ አልማዝ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ካለው የጽዳት ሥራዋ ተመልሳ ሽንኩርት ስትከትፍ ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

«ባሏ የሞተባት ሴት ፀጉሯን ቆርጣ መቃብሩ ላይ ትበትነዋለች። ፀጉሯ አድጎ ትከሻዋን እስኪያልፍ ሌላ ባል አታገባም።»

ቢላዋዋን አስቀመጠች። «እስቲ ድገሚው።»

ደገምኩላት። «ደግ አድርገዋል» አለችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲያ ፀጉሯን ልብ ብዬ ማየት ጀመርኩ። ጆሮዋን ሸፍኖ መውረድ ሲጀምር ትቆርጠዋለች። አንድ ቅዳሜ መስተዋት ፊት ደርሼባት መቀሱን ከእጇ ቀማኋት።

«ትከሻሽ እንዳይደርስ ነው አይደል የምትቆርጪው?»

«አዎ» አለች ሳታፍር። «እነዚያ ሴቶች እኮ መጀመሪያ መቃብሩ ላይ በትነው ነው። እኔ የት ልበትነው? ካሌዶኒያን ሮድ ላይ?»

«እንግዲያው ሂጂና በትኚው! ካርቱም ሂጂ! እኔም ልሂድበት!»

ያን ያህል እንደታፈንኩ ራሴም አላወቅኩም ነበር። እሷ ግን አልተቆጣችኝም። ሰኞ ከሥራ ስትመለስ «ሆሊዴይ አፕላይ አደረግሁ፤ ፈቃድ ሲሰጡኝ ካርቱም እሄዳለሁ» አለችኝ።

ነሐሴ ውስጥ ሂትሮው ሸኘኋት። በየቀኑ የምትወለውለውን ወለል እንደ መንገደኛ ረገጠችው። የፀጉሯን ጥቅል በእጅ ቦርሳዋ ይዛዋለች። በሩ ጋ ስንደርስ ዞር አለች።

«ሂሩት፣ እንዴት ነው የሚበትኑት? ባንድ ጊዜ ነው ወይስ ቆንጠር እያደረጉ?»

«መጽሐፉ አይልም እትዬ።»

«ሲጽፉም ዋናውን ነገር ይተዉታል» ብላ ገባች።

ስትመለስ ፊቷን ፀሐይ አጥቁሮታል። ቀኑ ነፋሻ ነበር አለችኝ፤ ግማሹ መቃብሩ ላይ ቀረ፣ ግማሹን ነፋስ ወሰደው። ከሏን እዚያው ለአንዲት ድሃ ሰጥታ መጥታለች። እኔም ጓዜን ጠቅልዬ ሊድስ ገባሁ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ደወለችልኝ። «ትከሻዬን አለፈ» አለች። «ከዚያስ ምን ያደርጋሉ?»

«ከዚያማ ያገባሉ።»

«አንቺ ባለጌ!» ብላ ሳቀች። ያንን ሳቋን ግርማ ከሞተ ወዲህ አልሰማሁትም ነበር። አላገባችም፤ ጠያቂ ግን አላጣችም።

ከኪልበርን ቤቴ እስክደርስ ይህ ሁሉ በሐሳቤ ሲመላለስ መጣ። ኮቴን ሳላወልቅ ደወልኩላት። መቃብሩ ይኑር አይኑር እያለች ስታለቅስ የማገኛት መስሎኝ ነበር።

«አይቻለሁ» አለችኝ ረጋ ብላ። «እኔስ ቀብሬዋለሁ። የሚያሳዝኑኝ ዛሬ ቀባሪ ያጡት ናቸው።» ቀጥላም «አንቺ ነሽ የቀረሽው ሂሩት» አለች። «ለግርማ አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብለሽ ስታለቅሺ አላየሁሽም።»

እውነቷን ነው። እሷን ሳባብል፣ ትምህርት ስል፣ ከዚያም ከቤት ቤት፣ ከሥራ ሥራ ስቀያይር ዕድሜዬ አለፈ። አንድ ቦታ አለመርጋቴን አመሌ ነው እያልኩ ስስቅበት ኖሬያለሁ። ያልወጣ እርም መቀመጫ እንደሚነሳ ማን ነገረኝ? ስልኩን ዘጋሁ፤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና መንገድ ላይ ላዘለኝ ለግርማ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያልኩ አለቀስኩ። ጎረቤቴ ግድግዳውን ቢመታም አላቆምኩም።