«የልጆች ነው» ተብሎ የገባው መጽሐፍ

ፖሊሶች የወሰዱኝ ቡታጅራ፣ ከማስተምርበት ክፍል ነው። ከቤት ያለመውጣት አድማ ቀስቅሰሻል አሉኝ። የፖሊስ ጣቢያው እስር ክፍል ሲከፈት ቀድሞ የደረሰኝ የሽንት ሽታ ነበር። ሴቶች እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። አንዲት ልጅ ብቻ ባልዲው አጠገብ፣ በሩ ሥር ተኮራምታለች።

«እሷ ጋ አትቀመጪ» አሉኝ አንዲት እናት። ፖሊስ የሚፈልገው ልጃቸው ስለተሰወረ በእሱ ፈንታ የታሰሩ የእንሴኖ በርበሬ ነጋዴ ናቸው። «ከወዲያኛው ወገን ናት። በግጭቱ ጊዜ ቤቴን ያቃጠሉት የእሷ ሰዎች ናቸው።»

ልጅቷን ትኩሳት ይዟታል። ሐኪም እንዲያያት በሩን ደበደብኩ።

«ለእናንተ ደግሞ ሐኪም!» አለ አንድ ድምፅ ከውጭ።

በማግስቱ እህቴ ከምግቡ ጋር አንድ መጽሐፍ ላከችልኝ፤ ለወጣቶች የተጻፈ ልብ ወለድ። ፖሊሱ የሽፋኑን ሥዕል አይቶ «የልጆች ነው» ብሎ አሳለፈው። አባቷ ሞቶባት አጎቷ ቤት ስለተጠጋች ተማሪ ነው የሚያወራው። ሌላ የምንሠራው ስላልነበረ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

እናትየው መጀመሪያ ጀርባቸውን ሰጡኝ። የአጎትየው ሚስት ተማሪዋን በረንዳ ላይ ስታስተኛት ግን ዞሩ።

«ምን አድርጋት ነው?»

«ምንም አላደረገቻትም።»

«ታዲያ በብርድ ትግደላት? ወላሂ፣ ይቺ ሴት ልብ የላትም!»

በሩ ሥር የልጅቷ ጥርስ ሲንገጫገጭ ይሰማል። እናትየው ወደ በሩ ዞር አሉ። ከዚያ ተነሥተው ጋቢያቸውን አለበሷትና ደግፈው ወደ መሀላችን አመጧት። ራሷን ጭናቸው ላይ አስደግፈው ውሃ አጠጧት።

«ቤት ማን አለሽ?»

«ቤት የለንም፤ የእኛንም አቃጥለውታል።»

እናትየው ጋቢውን እስከ አገጯ ሳቡላት። ከዚያ «አንብቢ» አሉኝ።

ጠዋት ሁለት ፖሊሶች ሊወስዷት መጡ። መቆም አልቻለችም። ወዴት እንደሆነ ብንጠይቅ የመለሰልን የለም።

«ጋቢው የእሷ አይደለም፣ አውልቁት» አለ አንደኛው።

እናትየው ከፊቱ ቆሙ። «የእሷ ነው። ልጄ ናት» አሉት። ለአፍታ አያቸውና እንደለበሰች ወሰዷት።

ዛሬ ወደ ማስተማሬ ተመልሻለሁ። ባልደረቦቼ ልብ ወለድ ለተማሪ ምን ይጠቅማል ብለው ሲከራከሩ ይህን ልነግራቸው እልና እተወዋለሁ፤ የልጅቷን መጨረሻ አላውቀውማ። እናትየው ከተፈቱ ጀምሮ በየጤና ጣቢያው እየዞሩ ስለ ልጅቷ ይጠይቃሉ። በገበያ ቀን እንሴኖ ስሄድ ከሰላምታም በፊት፣ «ሰማሽ እንዴ?» ይሉኛል።

«አልሰማሁም፣ እናቴ» እላቸዋለሁ።