አውራ ጣት ተመልካቹ

በአውቶቡሳችን ውስጥ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ተሳፋሪው አዙሮ የሚቆም፣ ክራቫት ያሰረ ሰው አለ። የሚያየው የሰውን ፊት ሳይሆን ስልክ ላይ የሚንሸራተተውን አውራ ጣት ነው። ከእሱ በቀር ዘመኑን ከጣት የሚያነብ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። ሥራው በመጪው ዓመት በማኅበራዊ ሚዲያ የትኛው ማስታወቂያ እንደሚያዋጣ ለነጋዴዎች መተንበይ ነው። ዛሬ አንድ ደንበኛው፣ የሬሳ ሣጥን ሻጭ፣ አብሮት ተሳፍሯል።

«ወንድሜ፣ ሱቄ ሊዘጋ ነው። ምን ልለጥፍ?»

«ሣጥኑ ውስጥ ተኛና ሳቅ። የሚመጣው ዓመት የሳቅ ነው።»

«ኧረ በፈጠረህ! ሰው ምን ይለኛል?»

«ምንም አይልህም፤ ላይክ ያደርግሃል።»

«እስቲ እንዴት እንደምስቅ አሳየኝ።»

ባለ ክራቫቱ አፉን ከፈተ፣ ጥርሱንም አሳየ፤ ድምፅ ግን እምቢ አለው። ደግሞ ሞከረ። ሻጩ እንዲህ ያለውን ፊት በሥራው ጠንቅቆ ያውቀዋል። ትከሻውን ያዝ አድርጎ፣

«ማን ሞቶብህ ነው?» አለው።