ዕቃችን የተመለሰ ሰሞን

ባሌ ለክልል ምክር ቤት እንደሚወዳደር የነገረኝ እጁን እያስታጠብኩት ነው። "አቅርበውኛል፤ እሺ ብያለሁ" አለና እጁን በነጠላዬ ጫፍ አደረቀ። ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። የቀበሌ ሊቀመንበርነቱ ራሱ እንቅልፍ ነስቶኝ የኖረ ነገር ነው። ከዚያ እንዲወርድልኝ ተስዬ ስጠብቅ፣ እሱ ጭራሽ ወደ ላይ ሊወጣ ተነሳ።

በከንቱ አልፈራሁም። ዓምና የጎረቤት ቀበሌ ሊቀመንበርን የታጠቁ ሰዎች በጠራራ ፀሐይ መጥተው "ትፈለጋለህ" ብለው ከማሳው ወሰዱት። ሬሳው የተገኘው ርብ ወንዝ ዳር ነው። ማን እንደገደለው ሁሉም ያውቃል፤ አፉን ከፍቶ የሚናገር ግን የለም። ባሌም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ ሰውዬው ለወንበር ብቻ አልነበረም የተነሳው። ክረምት በገባ ቁጥር ርብ ሞልቶ ሲወጣ ምን እንደሚያደርገን ፎገራ የኖረ ሰው ያውቀዋል። ውኃው እስከ መደባችን ይመጣል፤ ከብቶቹን ይዘን ወደ ከፍታው እንሸሻለን፤ ስንመለስ የበቀለው ሩዝ በደለል ተቀብሮ እናገኘዋለን። ባሕር ዳር ተቀምጦ ስለ እኛ ጎርፍ የሚናገር አንድ ሰው ያስፈልጋል ይል ነበር። ትንሽ ደግሞ ደስ ብሎታል። ፎቶው ወረታ መናኸሪያ አጠገብ የተለጠፈ ዕለት ኮቱን ለብሶ ሄዶ ራሱን አይቶ መጥቷል። አልዋሽም፣ እኔም ሄጄ አይቼዋለሁ። ያገባሁት ጊዜ የነበረውን ፊቱን መስሏል።

ዕቃችን መመለስ የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው።

የእኛ ሰፈር ሰው የተዋሰውን ዕቃ ቶሎ አይመልስም፤ ባለቤቱም መልስልኝ አይልም። ጋኔ ጎረቤቴ ቤት ከገባ ስንት ሠርግና ስንት ተዝካር አልፎታል። የሩዝ መድኃኒት መርጫችን ከቤት ቤት ሲዞር ነው የሚከርመው፤ ስንፈልገው ያለበትን ጠይቀን እንሄዳለን። ዕቃ ሰው ቤት ካለ መግቢያ መውጫ አለ፣ እንዴት ዋላችሁ መባባል አለ። ሳይጠየቅ የሚመልስ ወይ ተቀይሟል፣ ወይ አገር ሊለቅ ነው።

መጀመሪያ ጋኑ መጣ፣ ታጥቦና ታጥኖ። ጎረቤቴ ደጃፉ ላይ አስቀምጣ እግዜር ይስጥልኝ አለችኝ። ግቢ ብላት ልጅ አልቅሶብኛል ብላ ሄደች። ልጇ ሚስት ያገባ ጎረምሳ ነው። ከዚያ መርጫው መጣ። ከዚያ ሩዝ የምንወቃበት ሸራ ተጣጥፎ አጥር ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት፤ ማን እንዳመጣው እንኳ አላየሁም።

ባሌ ይህን ሁሉ ሲያይ ደስ አለው። "አየሽ፣ አሁን አከበሩኝ" አለኝ። ለምክር ቤት የታጨን ሰው ዕቃ እንደ ተራ ሰው ዕቃ አያቆዩትም ብሎ አስረዳኝ። በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ። ይህን ሁሉ ዓመት ቀበሌ ሲያስተዳድር የኖረ ሰው እንዴት ይህ ይጠፋዋል? ሰዎቹ የፈሩት እሱን ሳይሆን ነገ መሣሪያ ይዞ ቤታቸው የሚገባውን ሰው ነው። ይህ የማን ነው ቢባሉ የባሌን ስም እንዳይጠሩ ዕቃውን ከቤታቸው እያወጡ ነበር። ይህንኑ ብነግረው አንቺ ክፉ ክፉውን ነው የሚታይሽ ብሎ ወደ ስብሰባው ሄደ።

አማራጭ ሳጣ ለነፍስ አባታችን ነገርኳቸው። እሳቸው ቢገዝቱት ይሰማል ብዬ ነው። መጡ፣ ጠበል ረጩ፣ ከባሌ ጋር ከቤቱ ጀርባ ተቀምጠው ብዙ አወሩ። ሲሸኛቸው መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ አቆይተው፣ እኔን ሳያዩኝ ሄዱ። ምን አሉህ ብዬ ጠየቅኩት። ንስሐ ግባና ቁረብ እንዳሉት ነገረኝ። ለኃላፊነት የሚታጭ ሰው እንዲህ ቢሆን መልካም ነው ብሎ ከራሱ ጨመረበት። እኛ ዘንድ በእሱ ዕድሜ ያለ ሰው ቁረብ የሚባለው አልጋ ይዞ ተስፋ ሲቆረጥበት ነው። ከምርጫው እንዲያስቀሩልኝ የለመንኳቸው አባት ለሌላ መንገድ አሰናድተውት ሄዱ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

የቀረን በሬው ነበር። ያለን በሬ አንድ ነው። ጥንዱ የአበልጃችን ነው፤ የትልቁን ልጄን ክርስትና ያነሱት ሽማግሌ ማለቴ ነው። ሁለቱን በሬዎች በመቀናጆ እየጠመድን የእሳቸውንም የእኛንም መሬት በተራ ስናርስ ኖረናል። ዘንድሮ ዝናቡ ጀምሮ ዋልካው መሬት ሲርስ፣ የሩዝ እርሻ ሲደርስ፣ በሬያቸውን ይዘው አልመጡም። ጎረቤት ሁሉ መሬቱን ሲገለብጥ የእኛ ብቻ ሣር እንደለበሰ ቀረ።

ባሌ ቅስቀሳ ላይ ስለነበር እኔው ሄድኩ። በሬው ደጅ ታስሮ ጭዱን ይበላል። አሞት ነው አሉኝ። በሬውን አየሁት፤ እሳቸውም አብረውኝ አዩት። በሽታ የሚባል ነገር እንዳልነካው ሁለታችንም እናውቃለን። ከዚያ ወደ ውስጥ ዞር ብለው ሚስታቸው አለመስማቷን አረጋገጡና "ልጄን ከዚያ ቤት አውጪልኝ" አሉኝ። ልጄን ያሉት የክርስትና ልጃቸውን ነው። ከማን ምን እንደሰሙ ብጠይቅም አልነገሩኝም።

በነጋታው የልጆቹን ልብስና መኝታ ጠቀለልኩ። ባሌ ሲመጣ አህያዋ ተጭናለች። ደጁ ላይ ቆሞ ጭነቱን አየ። ጋኑ ሲመጣ ያልገባው፣ መርጫው ሲመጣ ያልገባው ሰው አሁን ገባው። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት።

"አንቺም መለስሽልኝ?" አለኝ።

"ልጆቹን ወረታ አደርሳለሁ። ተውኩት በላቸውና አብረን እንሂድ" አልኩት።

ቢተወውም ማንም እንደማያምነው ነገረኝ። ስሙ ተጠርቷል፣ ፎቶው ተለጥፏል። እነዚያ ፈርቶ ተወው ብለው አይምሩትም፤ ያጩት ደግሞ ከድቶን ወደ እነሱ ሄደ ይሉታል። ሲናገር አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እኔ ያሰርኩት ገመድ ላልቶ ስላየው ፈትቶ እንደገና አጥብቆ አሰረውና ልጆቹን አንድ በአንድ ስሞ ሸኘን።

አሁን ወረታ ነን፤ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። ኔትወርክ ሲኖር ይደውላል። ሰው እያጨበጨበልኝ ነው ይለኛል። የሚያጨበጭቡት እነማን እንደሆኑ አልጠይቀውም። ስልኩ እንቢ ያለ ቀን እህል በአፌ አይዞርም። ባጃጅ በሩ ላይ ሲቆም እንኳ ማን እንደሚወርድ በበሩ ስንጥቅ አያለሁ።

ባለፈው የገበያ ቀን አበልጃችን መጡ። ለልጃቸው ሸንኮራ ይዘውለት ነበር። ያቀረብኩላቸውን ውኃ ጠጥተው ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጡ። በሬያቸው እንደዳነ ነገሩኝ። እግዜር ይመስገን አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ።

"መሬታችሁ ጦሙን ከሚያድር እኔ ልረሰው" አሉ። "ዘሩም ጉልበቱም ከእኔ ይሁን። ሲደርስ ካንቺ ጋር እኩል እንካፈላለን።"

ካንቺ ጋር ነው ያሉት። እኛ አገር ሴት ሞፈር አትጨብጥም፤ እንዲህ መሬቷን ለእኩል የምትሰጠው ባሏ የሞተባት ናት። ያንንም ቢሆን ደህና ሰው አይቸኩልም፤ የሟቹ ዐርባ ከወጣ በኋላ አንገቱን ደፍቶ መጥቶ ይጠይቃታል። እሳቸው ደግሞ ደህና ሰው ናቸው።

"ባሌ እኮ በሕይወት አለ" አልኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉኝ።

ልጆቹ ሸንኮራውን እየተካፈሉ ነበር። ሰኔ ገብቷል፤ ሩዝ አሁን ካልተዘራ ዓመቱን የሚበሉት የለም። እሺ አልኳቸው።